ጫማ ማሟሸት፤ ከቆቦ ሜዳ እስከ ላስታ አቀበት

አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ በመጣበት ዕለት እንጀራ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ቀስ እያለ ይግላል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ቅባቱን እየጠጣ ይሟሻል፤ ይህ ሳይደረግ ሊጥ የፈሰሰበት ምጣድ እንጀራውን አጣብቆ ያስቀራል። ማሟሸት የሚለው ቃል ለምጣድ፣ ለድስትና ለጀበና የተለመደ ይሁን እንጂ፣ ጠንካራ ሶልና ወፍራም ቆዳ ላለው፣ ቁርጭምጭሚትን አቅፎ ለሚይዘው አዲስ የጉዞ ጫማም ከዚህ የሚሻል ቃል አይገኝለትም። ያልሟሸ ምጣድ የሚያበላሸው አንድ ሁለት እንጀራ ነው፤ ያልሟሸ ጫማ ግን ተረከዝ ይልጣል። ሌላም ልዩነት አለ፤ ምጣድ ሲሟሽ የሚለወጠው ምጣዱ ብቻ ሲሆን፣ ጫማ ሲሟሽ ጫማውም እግሩም ይለወጣሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ የእግሩን ድርሻ ነው። በዘመኑ ከጨርቅና ከፕላስቲክ ድር የሚሠሩት ቀላል የጉዞ ጫማዎች ከሳጥናቸው ሲወጡ ጀምሮ ለስላሳ ስለሆኑ ማሟሸት የማያስፈልጋቸው ይመስላሉ፤ ሆኖም እነርሱን ያጠለቀው እግር ያው አዲስ ሁኔታ የገጠመው እግር ነው።

ነገሩ ከሌላው አካባቢ ይልቅ በራያ ቆላ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የቆቦ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ከአፋር በረሃ ይለዩዋታል፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደላማ ደጋ ግድግዳ ሆኖ ይቆምባታል። ሆርማትና ጎሊናን የመሰሉ ወንዞች ክረምት ሲገባ ከደጋው አሸዋና ደለል ጠርገው ሜዳው ላይ ይበትናሉ፤ በጋ ሲሆን ደረቅ አሸዋማ አልጋቸው የሰውና የከብት መንገድ ይሆናል። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ማሳ ሲረጥብ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ አፈር አለው። ከግንቦት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስን በቀላሉ ይሻገራል። ስለዚህ ከቆቦ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ጉዞ ውስጥ ላብ፣ አሸዋ፣ ድንጋያማ አቀበትና ቁልቁለት፣ ቀጥሎም ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚገኝበትን የላስታን ብርድ ያገኛል፤ ጫማን ለመፈተን ከዚህ የበለጠ መንገድ ማሰብ ያስቸግራል።

የአካባቢው ሰው ይህን መንገድ ሲሄድ የኖረው በጉዞ ቡት አይደለም። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶ በገጠር ለረጅም ዘመን ያገለገለ ጫማ ነው፤ መልኩን የሚንቁት ቢኖሩም ስለ እግር ቁስል በሚነሣ ጉዳይ ላይ ክብር ሊሰጠው ይገባል። ሶሉ እሾህ አያሳልፍም፣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ላብ ይደርቃል፣ የገባበት አሸዋም በመጣበት ይወጣል፤ ተረከዝን ከኋላ አጥብቆ የሚይዝ ጠንካራ ቆዳ ስለሌለውም ብዙውን ጊዜ የሚፈትገው ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ነው። በአንጻሩ ቡት ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከመወለም፣ ጣትን ከድንጋይ ይጠብቃል፤ ይህን ጥበቃ የሚሰጠው ግን እግርን በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ዘግቶ ነው። ዛሬ በቆቦና በአካባቢዋ እንዲህ ያለውን ጫማ የሚያጠልቁት የውጭ ጎብኚዎች ብቻ አይደሉም፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ማሳዎች የሚዘዋወሩ ባለሙያዎች፣ ከስክስ የሚባለውን የወታደር ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስሩ ምልምሎች፣ በዕረፍት ቀናቸው ተራራ የሚወጡ ወጣቶችና ረጅም መንገድ በእግራቸው የሚጓዙ ምእመናን ሁሉ ይገኙበታል።

ጫማ እግርን ላጠ፣ እግር ውሃ ቋጠረ ሲባል በቆዳ ውስጥ የሚሆነው ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። በተለምዶ ጫማው ቆዳውን ከላይ እየፋቀ የሚያቆስለው ይመስላል፤ እውነቱ ግን ውሃ የሚቋጥረው ጉዳት የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ይህን ለማየት የአንዱን እጅ ጣት በሌላው እጅ ጀርባ ላይ ጫን አድርጎ፣ ጣቱ ከቆዳው ላይ ሳይንሸራተት ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ ይበቃል፤ የላዩ ቆዳ ከጣቱ ጋር ተጣብቆ ሲሄድ ከሥሩ ያለው አጥንት ባለበት ይቀራል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሥጋና ቆዳም ይለጠጣል። በጫማ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ሰው በተራመደ ቁጥር የተረከዙ አጥንት ከፍና ዝቅ ሲል፣ ቆዳው ግን ከካልሲው ጋር፣ ካልሲውም ከጫማው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል በሳይንስ ቋንቋ ሰበቃ ይባላል። ሰበቃው በበረታ መጠን መለጠጡም ይበረታል፤ መለጠጡ ሲደጋገምም ኤፒደርሚስ ከሚባለው የላይኛው የቆዳ ክፍል ውስጥ ያሉት ሴሎች ይላቀቁና ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱንም ከአካባቢው የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሞላዋል። ውሃ የቋጠረ እግር ማለት ይህ ነው። 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው እያንዳንዱ እግሩ ከ6,000 ጊዜ በላይ መሬት እንደሚረግጥ ሲታሰብ፣ ገና ሲጠለቅ ኢምንት የሚመስል መጎተት ማምሻው ላይ ለምን ቁስል እንደሚሆን ይገባል።

ከዚህ ማብራሪያ የሚወጡ ሦስት ጠላቶች አሉ፤ ግፊት፣ ድግግሞሽና እርጥበት። በራያ ቆላ ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ነው። ፍጹም ደረቅ ቆዳ በመጠኑ ይንሸራተታል፣ በውሃ የተጥለቀለቀ ቆዳም እንዲሁ፤ በላብ የወዛ ቆዳ ግን ካልሲውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሰበቃውም ያን ጊዜ ይጨምራል። የእግር ላብ የሚያስከትለውን ችግር ለመቀነስ የተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው በዚህ ጥናት የአሜሪካ የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ዕጩ መኮንኖች ከ21 ኪሎ ሜትር ጉዞ በፊት በነበሩት ሌሊቶች እግራቸውን ላብ የሚቀንስ የአሉሚኒየም ክሎራይድ ፈሳሽ ተቀብተው ነበር፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ከተጠቀሙት ውስጥ ውሃ የቋጠሩት 21 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒት የሌለው ተመሳሳይ ፈሳሽ ከተቀቡት ግን 48 በመቶዎቹ ቋጥረዋል። ውጤቱ ደስ ቢያሰኝም ዋጋ አለው፤ መድኃኒቱን ከተጠቀሙት 57 በመቶዎቹ የቆዳ መቆጣት ደርሶባቸዋል፣ በሌላው ወገን ይህ የገጠማቸው 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ላብ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ቢያረጋግጥም፣ ለተራ መንገደኛ የሚመከር መፍትሔ ሆኖ አልተገኘም፤ ካልሲ መቀየር ይሻላል።

አዲስ ጫማ ያስከተለው ጉዳት በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አንድ ዝነኛ ምዕራፍ አለው። አበበ ቢቂላ ለ1960 የሮም ኦሎምፒክ ሲጓዝ ይሮጥበት የነበረው ጫማ አልቆ እንደነበር፣ እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማም እግሩን ውሃ እንዳስቋጠረው፣ በዚህም ምክንያት ቀድሞ በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ እንደወሰነ በሰፊው ይነገራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከዚህ ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ባዶ እግሩን ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የሚበልጠው ትምህርት ሌላ ነው፤ ያን የመሰለ እግር እንኳ ያልለመደውን ጫማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቀበል አልቻለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ ሲያሸንፍ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነበር።

ባዶ እግር ግን ለማንም የሚመከር መፍትሔ አይደለም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ከቆቦ በስተሰሜን ማይጨው ላይ ከተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር አብዛኛው ጫማ አልነበረውም፤ ከልጅነት ጀምሮ በድንጋይና በእሾህ ላይ የተራመደ እግር ቆዳው ደድሮ ስለሚጠነክር ያን መከራ ይችለው ነበር። ያ ጥንካሬ የዓመታት ሥራ ነው፤ በጫማ ያደገ የከተማ እግር በአንድ ወር አያገኘውም። ከዚህም በላይ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን፣ ሕዝቡ ዝሆኔ ብሎ የሚጠራውን የእግር እብጠት እንደሚያስከትል በሕክምና የተረጋገጠ ነው። ጫማ የግድ ነው፤ ጥያቄው እግርና ጫማ እንዴት ይስማሙ የሚለው ብቻ ነው።

መስማማቱ የሚጀምረው ከግዢው ነው፤ እዚህ የተሠራ ስሕተት በማሟሸት አይታረምም። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚለካውም በጉዞ ላይ በሚደረገው ካልሲ ነው፤ ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ስለሚበልጥ ሁለቱንም ማጥለቅና ለትልቁ እግር የሚሆነውን ቁጥር መውሰድ ያስፈልጋል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ቦታ መተው አለበት፤ ይህ ቦታ ከሌለ ከዞብል ወይም ከግዳን ቁልቁል በሚወረድበት ጊዜ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጩ ጥፍር ይጠቁራል። ተረከዝ በሌላ በኩል ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። ሻጭ ሁሉ "ሲለበስ ይሰፋል" ማለት ይወዳል፤ አባባሉ እውነት የሚሆነው በከፊል ነው፤ እውነተኛ ቆዳ በስፋቱ በመጠኑ ይለቃል፣ በርዝመቱ ግን አይጨምርም፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ በስፋቱም ብዙ አይለቅም። ሱቅ ውስጥ ጣት የሚነካ ጫማ ላስታ ላይም ይነካል።

ካልሲን በተመለከተ በአገራችን ሰፍኖ ያለው አስተሳሰብ ጥጥ ከሁሉ የተሻለ ነው የሚል ነው፤ ለሸሚዝና ለነጠላ ትክክል ቢሆንም ለረጅም ጉዞ ካልሲ ግን ስሕተት ነው። ጥጥ ላብን መጥጦ ይይዛል እንጂ ቶሎ አያደርቅም፤ ሲረጥብም ይጨማደድና እጥፋቱ ራሱ እግርን ይፈትጋል። የበግ ፀጉር ወይም ላብን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ሰው ሠራሽ ድር ይመረጣል። ከውስጥ ቀጭን ሰው ሠራሽ ካልሲ፣ ከላይ ወፍራም ካልሲ ደርቦ ማድረግም በወታደሮች ዘንድ ተፈትኖ ጥቅሙ የታየ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም መንሸራተቱ በቆዳና በካልሲ መካከል መሆኑ ቀርቶ በሁለቱ ካልሲዎች መካከል ይሆናል። ደርቦ ለማድረግ ያሰበ ሰው ግን ጫማውን ሲለካ ሁለቱንም አድርጎ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ግፊትን በመጨመር ችግሩን ያብሳል።

ማሟሸቱ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ጫማው በቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይደረጋል፤ ሶሉ ሳይቆሽሽ ጉድለቱ ከታወቀ ለሻጩ ለመመለስም ያመቻል። ከዚያ ወደ ገበያና ወደ ሥራ ቦታ፣ ቀጥሎም ሦስት አራት ኪሎ ሜትር በሚሆን ሜዳማ መንገድ ይኬድበታል። በቆላ ይህ ልምምድ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ በቀትር በጋለ አሸዋ ላይ አዲስ ቡት ማሟሸት እርጥበትን፣ ግፊትንና ሙቀትን በአንድ ቀን በእግር ላይ መጫን ነው። የወንዝ አልጋ በዚህ ደረጃ ላይ ይቆይ፤ አሸዋው በጫማው አፍ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ሜዳው ያለ ሕመም ሲያልፍ ወደ ዞብል ግርጌ ወይም ወደ ምዕራቡ የተራራ ሥር ሄዶ አቀበትና ቁልቁለት መሞከር፣ በመጨረሻም በጉዞው ቀን የሚያዘውን ሸክም ይዞ መሄድ ይገባል፤ ሸክም ሲጨምር ግፊት ይጨምራል፣ ያለ ሸክም የተመቸ ጫማ በሸክም ሊከዳ ይችላል። ለወፍራም ቆዳ ቡት ይህ ሁሉ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። በእነዚህ ሳምንታት የጫማው መታጠፊያ ከጣቶቹ መታጠፊያ ጋር ይገጥማል፣ የተረከዙ ቆዳም ቀላል መፈተግ እየደጋገመው ቀስ በቀስ ይወፍራል፤ ውፍረቱ መጅ እስኪሆን መድረስ ግን የለበትም፣ ከጠነከረ መጅ ሥር የሚቋጠር ውሃ ለማከም ያስቸግራልና።

ይህን ጊዜ ለማሳጠር የሚደረጉ አቋራጮች አሉ። ቡቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ እግር ላይ እስኪደርቅ መሄድ በድሮ ወታደሮች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ቆዳውን በእግር ቅርጽ ያበጃል ቢባልም፣ እርጥብ እግር ይዞ መጓዝ ማለት ስለሆነ ለማስወገድ የተፈለገውን ችግር ራሱን መጥራት ነው፣ የጫማውንም ሙጫ ያላቅቃል። እሳት ዳር ማሞቅ ደግሞ ቆዳውን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ለጠፍርና ለመጫኛ ሞራ እንደሚቀባ ሁሉ የቆዳ ቡት መታጠፊያውን በጫማ ቅባት በስሱ ማለስለስ ግን ጉዳት የለውም። አንድን ነጥብ ብቻ የሚነካ ጫማም ወደ ጫማ ሰፊ ሊወሰድ ይችላል፤ ባለሙያው ያቺን ቦታ ለብቻዋ ወጥሮ ሊያሰፋት ይችላል፣ ዋጋውም ከአዲስ ጫማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አስተሳሰር ብዙ ጊዜ የሚናቅ ጉዳይ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው አባባል ለጫማም ይሠራል። ተረከዝ ከፍ ዝቅ የሚለው በአብዛኛው ማሰሪያው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ስለላላ ነው። አቀበት ሲወጣ ከላይ ትንሽ ላላ፣ ቁልቁለት ሲወረድ እግሩ ወደፊት እንዳይንሸራተት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይገባል፤ የጫማው ምላስም መሀል ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መንገድ ላይ አንድ ቦታ መለብለብ ሊጀምር ይችላል። መለብለብ ገና ያልተቋጠረ ውሃ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጉዞውን እንዳያቋርጥ ወይም ጓዶቹን እንዳያስቆም የሚሳቀቅ ሰው የአምስት ደቂቃ ዕረፍት አትርፎ የአምስት ቀን እግር ይከፍላል። ወዲያው ቁጭ ብሎ ጫማና ካልሲ ማውለቅ፣ አሸዋውን ማራገፍ፣ እግርን ማድረቅ፣ በተያዘ ደረቅ ካልሲ መለወጥ፣ የለበለበውንም ቦታ በፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል። ለዚህ ውድ ነገር አያሻም፤ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ስስ የወረቀት ፕላስተር እ.ኤ.አ. በ2016 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 250 ኪሎ ሜትር በሚሸፍን የበርካታ ቀናት የሩጫ ውድድር ላይ ባደረጉት ጥናት ከመነሻው ሲለጠፍ የመቋጠርን ዕድል በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ፕላስተሩ ሳይሸበሸብ፣ ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ተቆርጦ፣ በደረቅ ቆዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ቫዝሊንም ለአጭር መንገድ ይረዳል፤ ነገር ግን ሰበቃውን የሚቀንሰው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ከነበረው ሊያብሰው ይችላል፣ አሸዋም ይይዛል፤ ስለዚህ በሆርማት ዓይነት አሸዋማ መንገድ ላይ አይመረጥም።

ውሃው ከተቋጠረ ዋናው ሕግ ክዳኑን አለመላጥ ነው። ከፈሳሹ በላይ የተወጠረው ቆዳ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ መሸፈኛ ነው፤ ከሥሩ አዲስ ቆዳ ማደግ የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ሲሆን፣ በአምስት ቀን ገደማ የላይኛው ሽፋን ይመለሳል። ትንሽና የማያሳምም ከሆነ እንዳለ ተሸፍኖ ይተዋል። ትልቅ ሆኖ መራመድ የሚከለክል ከሆነ ግን እጅንና ቦታውን በሳሙና ታጥቦ፣ በእሳት ወይም በአልኮል በተጸዳ መርፌ ጠርዙ ላይ ወግቶ ፈሳሹን ማውጣት፣ ከዚያም በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ይቻላል። ቅጠል ወቅጦ መለጠፍ፣ አመድ ወይም አፈር መነስነስ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ለቴታነስ በር ይከፍታል። ዙሪያው ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ወይም ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከታየ ጉዞው በዚያው ይቆምና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሳይሰማው ሊቆስል ስለሚችል በራሱ መርፌ ከመንካት ይቆጠብ፣ በየማታውም ውስጥ እግሩን ይፈትሽ።

የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ላሊበላ ላይ ሲከበር ከየአቅጣጫው በእግር የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ከቆቦ ሜዳ ተነሥቶ የላስታን አቀበት ለመውጣት ያሰበ፣ ለዚህም አዲስ ጫማ ለመግዛት ገንዘብ የቆጠበ መንገደኛ ግዢውን ለታኅሣሥ አያቆየው፤ ኅዳር ሳይጋመስ ገዝቶ ማሟሸት ይጀምር፣ አሮጌ ጫማውንም ከስንቁ ጋር ይያዝ።